ከመስመሩ እኩል

ሚዛኑ የራሱ ቤት ነበረው። ሦስት ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ፊት ለፊቱ ወደ ላይ የሚሳብ መዝጊያ ያለው የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ ሁለት የነሐስ ሳህኖች ከቀጭን ክንድ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ይቀመጣሉ። ድንጋዮቹ ግን አብረውት አያድሩም። ቀይ ከፋይ በለበሰች ትንሽ ሣጥን ውስጥ በየጉድጓዳቸው ተደርድረው መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍባቸዋል፤ ከ50 ግራሙ ወፍራም ነሐስ ጀምሮ ጥፍር እስከማታክለዋ የ10 ሚሊግራም ቅጠል ድረስ። በእጅ አይነኩም፤ የሚነሱት በወረንጦ ነው። «የጣት ወዝም ክብደት አለው» ይሉ ነበር ጋሼ። መስኮት ተከፍቶ ከሆነም ሚዛኑ አይከፈትም። ከጦሳ ተራራ ሥር ሽው የሚል ንፋስ ሳህኖቹን ካወዛወዛቸው እስኪረጉ ድረስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ ነው።

ይህ የሆነው በ1979 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። 11ኛ ክፍል ነበርኩ። ጋሼ የምላቸው የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራውን የሚይዙት ሰው ናቸው። መምህር አልነበሩም፤ ክፍል ገብተው ጠመኔ ይዘው አያውቁም። መምህሮቻችን ሰኞ ጠዋት ብጣሽ ወረቀት ትተውላቸው ይሄዳሉ፤ «ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ 0.1 ሞላር፣ ሁለት ሊትር፣ ለሐሙስ»። ሐሙስ ጠርሙሱ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ጠረጴዛው ላይ ይገኛል። በሰኞና በሐሙስ መካከል የሚሠራውን ማንም አያይም። እኔ ለማየት የበቃሁት ከትምህርት በኋላ ቤከርና ቱቦ ለማጠብ ከተመረጡት ሦስት ልጆች አንዱ ስለነበርኩ ነው።

በአንደኛ ደረጃ ሳይንስ በአማርኛ ስንማር ሟሚ፣ አሟሚ፣ ሙሙት ብለን ነበር። ሰባተኛ ክፍል ስንደርስ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ዞሮ ሶሉት፣ ሶልቨንት፣ ሶሉሽን ሆነ። ጋሼ ሁለቱንም እንደ ልባቸው ያቀላቅሉታል። ጠርሙስ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሶሉሽን ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚገባው ግን በአፋቸው ሁልጊዜ ሟሚ ነው። ብጣሹን ወረቀት አንብበው ከመነጽራቸው በላይ ያዩኝና «ሟሚው ስንት ግራም ነው?» ይላሉ። ወረቀቱ ላይ ግራም የሚል ቃል የለም። መምህሩ የጻፈው ሞላርና ሊትር ነው፤ ሚዛን ደግሞ ከግራም ሌላ የሚያውቀው የለም። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ መሄድ የእኛ ሥራ ነው።

ሞልን ክፍል ውስጥ የተማርነው በቁጥሩ ነበር፤ ከ6 ቀጥሎ 23 አኃዞች የሚሰለፉበት ያ ግዙፍ ቁጥር። ሸምድጄዋለሁ፤ ግን አልገባኝም። ጋሼ ይህን ከፊቴ አነበቡት መሰለኝ፤ አንድ ቀን ከዙህር ሶላት ሲመለሱ ሙስበሃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የወይራ እንጨት ነው፤ 99 ፍሬ። ከመሳቢያቸው ደግሞ ፍሬው የመስታወት የሆነ ሌላ ሙስበሃ አወጡ፤ እሱም 99። ሳህኖቹን በንጹሕ ጨርቅ ወለወሉ፤ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ በቀስታ አኖሩ። የመስታወቱ ወገን ወረደ።

«ቁጥራቸው ስንት ነው?»

«እኩል ነው፣ ጋሼ።»

«ክብደታቸውስ?»

ዝም አልኩ።

«ሞል ይኸ ነው» አሉኝ። «ቁጥሩ አይለወጥም። የሚለያየው ፍሬው የተሠራበት ነገር ነው። የገበታ ጨው 58.5 ግራም ብትመዝን፣ ግሉኮስ 180 ግራም ብትመዝን፣ በሁለቱም ሳህን ላይ ያለው ፍሬ እኩል ነው። ሚዛኑ መቁጠር አይችልም፤ አንተ ነህ የምትቆጥርለት።»

ከዚያ ወዲህ ስሌቱ አላስቸገረኝም። ለአንድ ሊትር ስንት ሞል እንደሚያስፈልግ፣ የሚፈለገው ስንት ሊትር እንደሆነ፣ አንድ ሞል ስንት ግራም እንደሚመዝን ማወቅና ሦስቱን ማባዛት ነው። 0.1 በ2፣ በ40፤ 8 ግራም። ሰኞ የመጣችው ብጣሽ ወረቀት መልሷ ይኸው ነው።

ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ግን ቁጭ ብሎ የሚመዘን ነገር አይደለም። ነጫጭ ፍሬዎቹ ከብልቃጡ እንደወጡ ማላብ ይጀምራሉ። ከአየሩ ውሃ ይስባሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደዚያው። ስምንት ግራም አድርሼ ድንጋዩን መዝገብ ላይ ስጽፍ ጥቂት ከዘገየሁ፣ ከስምንቱ ግራም ውስጥ የተወሰነው ውሃ ሆኗል። ስለዚህ በደረቅ ቤከር፣ ክዳን ተደርጎ፣ ፈጠን ተብሎ ይመዘናል፤ ትክክለኛ ኃይሉ ደግሞ ኋላ በታወቀ አሲድ ተፈትኖ ነው የሚረጋገጠው። ያን ጊዜ ይህ የአንድ አስቸጋሪ ኬሚካል ጠባይ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ከመመዘን በኋላ መሙላት አለ፤ ከሁሉ አብልጬ የምወደውም እሱን ነበር። ሟሚው መጀመሪያ ቤከር ውስጥ በጥቂት ውሃ ይሟሟል። ሲሟሟ ከሞቀ ወይም ሞቅ ያለ ውሃ ከተጨመረበት እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ የፍላስኩ አንገት ላይ ያለችው መስመር የተሰመረችው ለ20 ዲግሪ ነው፤ ትኩስ ፈሳሽ አብጦ መስመሯን ያታልላል። ከዚያ ቤከሩ ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ቀጭን የሆነው ፍላስክ ውስጥ ይገለበጣል። ቤከሩ ሁለት ሦስቴ ተለቅልቆ እጣቢውም እዚያው ይገባል፤ ከግድግዳው የተጣበቀው ጠብታም ተመዝኖ የመጣ ነውና። የመጨረሻዋ አንድ ጣት ያህል ውሃ የምትገባው በጠብታ ነው።

ውሃ በቀጭን አንገት ውስጥ ሲቆም ጠርዙ ወደ መስታወቱ ይወጣል፤ መሐሉ ይጎደጉዳል። መስመሯን መንካት ያለበት የጎድጓዳው ታች ነው። ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ሳይሞላ ሞላ ይላል፤ ከታች አንጋጦ የሚያይ ያሳልፈዋል። እኔ ቁመቴ ረዘም ያለ ስለነበር ሁልጊዜ ቆሜ ነበር የማየው። «ውረድ» ይሉኛል ጋሼ ከኋላዬ፤ «ዓይንህን ከመስመሩ እኩል አድርግ»። ጉልበቴን ሸብረክ አድርጌ፣ አገጬን ከጠረጴዛው ጫፍ አስጠግቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠብ አደርጋለሁ። አንድ ጠብታ። ሌላ ጠብታ። ከዚያ በቃ።

በመጋቢት ወር፣ በልጉ ሲያካፋ፣ ጋሼ ለቅሶ ደርሶባቸው ሄዱ። ብጣሿ ወረቀት ላይ «ኮፐር ሰልፌት፣ 0.5 ሞላር፣ 500 ሚሊ ሊትር» ይላል። «ስሌቱን ሥራና ነገ አሳየኝ» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ጨርሼው ልጠብቃቸው ፈለግሁ። ቀመሩን ከመጽሐፌ አየሁ። መዳብ 63.5፣ ድኝ 32፣ አራት ኦክስጅን 64፤ ድምሩ 159.5። 0.5 በ0.5፣ በ159.5፤ 39.9 ግራም። ሰማያዊውን ፍሬ እንደ ዕንቁ እየተንከባከብኩ መዘንኩት፤ አሟሟሁት፤ ዓይኔን ከመስመሩ እኩል አድርጌ ሞላሁት፤ ስሙን በደንብ ጻፍኩበት። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ዝናቡ አልተሰማኝም።

በማግስቱ ጋሼ ጠርሙሱን አነሱት። ምንም ሳይናገሩ ከቁም ሳጥኑ ባለፈው ወር የሠሩትን ያንኑ 0.5 ሞላር አወጡ። ከሁለቱም እኩል እኩል በሁለት ቱቦ ቀድተው መስኮቱ ላይ አቆሟቸው። የእሳቸው ጥልቅ ሰማያዊ ነው። የኔ ገርጥቷል።

«ጽሑፉ አንድ ነው» አሉ። «መልኩ ግን አንድ አይደለም። ብልቃጡን አምጣና ያለበትን አንብብልኝ።»

አነበብኩ። ከቀመሩ በኋላ ነጥብ አለች። ከነጥቧ በኋላ አምስት ውሃ ተጽፏል። ነጥቧን ዓይኔ አልፏት ሄዷል።

አልተቆጡኝም። ከሰማያዊው ፍሬ አምስት ግራም አስመዘኑኝ፤ በትንሽ የሸክላ ስኒ አድርገው በአልኮል ኩራዝ ላይ ጣዱት። መጀመሪያ ፍሬው ፍንጥር ፍንጥር አለ። ቀጥሎ ከጫፉ ጀምሮ ገረጣ፤ ቀስ በቀስ እንደ ደቀቀ አሞሌ ነጭ ሆነ። በላዩ ጠባብ መስታወት ዘቅዝቀውበት ስለነበር የመስታወቱ ውስጥ በላብ ተሸፈነ። ሲቀዘቅዝ መልሰን መዘንነው። 3.2 ግራም።

«1.8 ግራሙ የት ሄደ?»

መስታወቱን አሳየኋቸው።

«ውሃ ነው» አሉ። «ድንጋይ መስሎ ተቀምጦ የነበረ ውሃ። ትናንት መዳብ መስሎህ የመዘንከው ከሲሶው በላይ ውሃ ነው።» ከዚያ በነጩ ዱቄት ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጭስስ አለና ሰማያዊነቱ ተመለሰ። ስኒውን በእጄ አስያዙኝ፤ ሞቋል።

አምስቱን ውሃ ጨምሬ አንድ ሞሉ 249.5 ግራም መሆኑን አሰላሁ። የሚያስፈልገኝ 39.9 ሳይሆን 62.4 ግራም ነበር። ጉድለቱን፣ 22.5 ግራሙን፣ አሁን ልጨምርበት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። የሞላ ፍላስክ ላይ ሟሚ ቢጨመር ከመስመሩ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ግራሙ ተስተካክሎ ሊትሩ ይበላሻል። ልድፋው ወይ አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ ነው ፊታቸው የተለወጠው። በዚያ ዘመን አንድ ብልቃጥ ኬሚካል ካለቀ ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። «ምን ይደፋል? ያለውን ጻፍበት» አሉኝ። 39.9ን ለ249.5 አካፈልኩ፤ በግማሽ ሊትር ውስጥ መሆኑን አሰብኩ። 0.5 የሚለውን ልጬ 0.32 ብዬ ጻፍኩ። ያ ጠርሙስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሌላ ሥራ ሲሠራ ቆየ። ለመምህሩ የሚሆነውን ደግሞ እንደገና፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ አዘጋጀሁ።

ሰኔ ሲገባ ታናሽ እህቴ ታመመች። ዓመት ተኩሏ ነበር። ተቅማጥና ትውከት ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ዓይኗ ሰረጎደ፤ የሆዷ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። ስታለቅስ እንባ የላትም። በሰፈራችን ይህን መልክ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ የሰባ ሰባት ድርቅ ካለፈ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። እናቴ አዝላት ጤና ጣቢያ ወሰደቻትና ሁለት ፓኬት ይዛ ተመለሰች። ዛሬ አብዛኛው ሰው ለምለም ብሎ የሚጠራው፣ በጤና ባለሙያዎች ቋንቋ ኦአርኤስ የሚባለው ነው። ነርሷ ነግራታለች፤ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ፣ ጡትም ሳታቋርጥ፣ በማንኪያ ቀስ እያለች፣ ብታስመልስ ጥቂት ጠብቃ እንደገና፤ ከ24 ሰዓት ያለፈውን ደግሞ ደፍታ አዲስ እንድትበጠብጥ።

ቤታችን ውስጥ ሊትር የሚባል ነገር አልነበረም። ጣሳ አለ፣ ብርጭቆ አለ፣ ማሰሮ አለ። በጥባጩ እኔ ነበርኩ። እናቴ ከልጇ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ «ጠንከር አድርገህ በጥብጠው የኔ ልጅ፤ መድኃኒት ነው፤ የሷ ሆድ ደግሞ ያን ሁሉ ውሃ አይችልም» አለችኝ። እውነት መሰለኝ። ጠንካራ መድኃኒት ቶሎ ያሽራል የሚለው ነገር ለማንም እውነት ይመስላል። ፓኬቱን ሙሉውን በሁለት ብርጭቆ ውሃ በጠበጥኩት። ማንኪያው ወደ ሕፃኗ አፍ ሲሄድ ከጣሳው አፍ የቀረውን ቀመስኩ።

ነርሷ ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ማለት የለበትም ብላ ነበር። ይህ ከእንባ ያልፋል። እጄ ላይ የቀረውን ባዶ ፓኬት አየሁ። ግራሞች ተደርድረውበታል፤ ከሥራቸው «ለ1 ሊትር» ይላል። መስኮቱ ላይ የቆሙት ሁለት ቱቦዎች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

«እማዬ፣ ቆዪ!» ብዬ ማንኪያውን ያዝኩት። ድምፄ ሳያስደነግጣት አልቀረም፤ አልተከራከረችኝም። ጡቷን አጠባቻት። እኔ ሁለተኛውን ፓኬት ይዤ፣ ከመደርደሪያ ላይ ያገኘሁትን ነጭ የፕላስቲክ ጆግ አንስቼ፣ ወደ ትምህርት ቤት ሮጥኩ።

ጋሼ ቤተ ሙከራው ውስጥ ነበሩ። ባለ አንድ ሊትሩን ቤከር እንዲያውሱኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «ይህ ዕቃ ስንት ዓመት መርዝ ጠጥቷል! ሰው የሚጠጣው አይገባበትም።» ጆጉን ከእጄ ተቀበሉ። ስስ ስለሆነ ውሃው በጎኑ ያሳያል። መለኪያ ሲሊንደሩን ውሃ ሞልተው፣ ዝቅ ብለው አይተው፣ ሙሉ አንድ ሊትር ሲሊንደሩ ጆጉን ሳይነካ ቀዱበት። ጆጉን ደልዳላ ጠረጴዛ ላይ አቁመው፣ ውሃው የደረሰበትን በእርሳስ ነካ አደረጉ። ውሃውን ደፍተው ምስማር በኩራዙ አጋሉ፤ እርሳሱ በነካው ላይ አንድ ጣት የምትሆን መስመር በውጭ በኩል ተኮሱበት። ፕላስቲኩ ተንጨረጨረ፤ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

«ቤት ስትደርስ በፈላ ውሃ እጠበው። ለእናትህም ንገራት» አሉኝ፤ «ቆማ አትየው። ዝቅ ብላ፣ ዓይኗን ከመስመሩ እኩል አድርጋ።»

ሁለተኛው ፓኬት በትክክል ተበጠበጠ። ሌሊቱን በማንኪያ ስናጠጣት አደርን፤ እናቴ ስትደክም እኔ፣ እኔ ስተኛ እሷ። ጎሕ ሲቀድ አለቀሰች። እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ እናቴ «ተመስገን» ብላ እሷም አብራ አለቀሰች።

ባዶውን ፓኬት በማግስቱ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። አስቀመጡኝና መንገዱን ወደ ኋላ አስኬዱኝ፤ እስከ ዛሬ ከሞል ወደ ግራም ነበር፤ አሁን ከግራም ወደ ሞል ነው። ሶዲየም ክሎራይድ 3.5 ግራም ለ58.5 ሲካፈል ወደ 60 ሚሊሞል ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ 1.5 ግራም፤ 20 ሚሊሞል። ግሉኮስ 20 ግራም፤ 111 ሚሊሞል። አራተኛው ትራይሶዲየም ሲትሬት፣ 2.9 ግራም፤ ከስሙ ኋላ ዳይሃይድሬት የሚል ቃል አለው። እስክሪብቶዬን አቁሜ ቀና ስል ጋሼ እያዩኝ ነበር። ሁለቱን ውሃ ጨመርኩ፤ 294 ሆነ። 10 ሚሊሞል ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ሶዲየም ይዟል፤ 30። ከጨው ከመጣው ጋር 90 ሚሊሞል ሶዲየም በሊትር።

«አንተ በግማሽ ሊትር ብትበጠብጠውስ?»

«180።»

«የሰው ደም ወደ 140 ነው» አሉኝ። «ሕፃኗ ከምትጠጣው ውሃ ልታገኝ ቀርቶ፣ የራሷን ውሃ ነበር የምትሰጠው። ስኳሩም ሲወፍር ከሰውነቷ ወደ አንጀቷ ውሃ ይስባል፤ ተቅማጡን ያባብሰዋል።»

ያን ቀን ነው በ1977ቱ ድርቅ ባቲ መጠለያ ውስጥ ጥቂት ወራት እንደሠሩ የነገሩኝ። በበርሜል ይበጠብጡ ነበር። ስለ ባቲ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንስተውልኝ አያውቁም፤ ያን ቀንም የነገሩኝ ስለ በርሜሉ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ዱቄቱን ከመጨመራቸው በፊት ውሃው የት እንደደረሰ በእንጨት ይለኩ እንደነበር፣ ያን እንጨት ማንም እንዳይወስድባቸው አጠገባቸው ይዘውት ይተኙ እንደነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኬሚስትሪ ሳጠና፣ የዚህን ዱቄት ታሪክ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘሁት። አንጀት ሶዲየምንና ግሉኮስን በአንድ በር አጣምሮ እንደሚያስገባ፣ ውሃም ተከትሏቸው እንደሚገባ ሮበርት ክሬን የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1960 ፕራግ ላይ አቅርቧል። ያ እውቀት የብዙ ሰው ሕይወት ሲያድን የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በሕንድ ቦንጋኦን በሚባል ቦታ ተጠልለው ኮሌራ ሲፈጃቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሕንዳዊ ሐኪም ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና ግሉኮስ በየከረጢቱ አስመዝኖ አሸገ፤ በበርሜል እየተበጠበጠ የታማሚዎቹ ቤተሰቦች ራሳቸው በኩባያ እየቀዱ አጠጡ። ከመቶ ወደ 30 ይሞት የነበረው ሰው ከ4 በታች ወረደ።

ይህን ሳነብ ልቤን የያዘው ግን አንድ ትንሽ ቁጥር ነው። የማሃላናቢስ ግሉኮስ ለአንድ ሊትር 22 ግራም ነበር። የእኛ ፓኬት ላይ የነበረው 20 ነው። መጀመሪያ ቀመሩ የተለወጠ መሰለኝ። መልሼ ሳየው እሱ ያገኘው የገበያ ግሉኮስ በእያንዳንዱ ፍሬው አንድ ውሃ የተሸከመ ነው። ውሃ አልባው 180 ይመዝናል፤ ያ ግን 198። 20ን በ198 አባዝቶ ለ180 ማካፈል ነው፤ 22። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት፣ ጊዜ በሌለበት በዚያ መጠለያ፣ ዱቄቱ ውስጥ የተደበቀውን ውሃ የቆጠረ ሰው ነበር ማለት ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ የሸክላ ስኒዋ ሙቀት እጄ ላይ ተሰማኝ። ለጋሼ ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ከረጢቱን የመዘነውን ሰው አላህ ይስጠው» የምትል።

በኋላ እኔም መምህር ሆንኩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት ቀመሩን ሲያቀጥነው፣ ጨው ወደ 2.6 ግራም፣ ግሉኮስ ወደ 13.5 ግራም ሲወርድ፣ ሙሉ ፓኬቱ ከ27.9 ወደ 20.5 ግራም ሲቀንስ፣ አዲሱን ፓኬት ገዝቼ ክፍል ይዤ ገባሁ። ሞላሪቲን በዚያ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ሶዲየሙን አስልተው ወደ 75 ሚሊሞል መድረስ አለባቸው። በየዓመቱ 78 ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ስሌታቸው ሁሉ ትክክል ነው፤ ዳይሃይድሬት የምትለዋን ቃል ብቻ ዓይናቸው አልፏት ሄዷል። እነዚያን ልጆች ከትምህርት በኋላ አስቀራቸዋለሁ። ኩራዝና የሸክላ ስኒ አለኝ፤ ሰማያዊ ፍሬም አለኝ። አሁን ቁጥሩ በመስኮቱ የሚበራ ሚዛን ነው ያለን፤ ድንጋይ መደርደር ቀርቷል። እኔ ግን ያ ክንድ ግራና ቀኝ እያለ እስኪረጋ የምንጠብቀው ጊዜ ቢቀርብን ይቆጨኛል። ስሌታችንን ደግመን የምናየው በዚያ ጊዜ ነበር።

ጆጉ ደሴ ቀረ። የሰፈሩ ሰው «ባለመስመሩ» ይለዋል። ልጅ በታመመ ቁጥር የጎረቤት ሰው በር ያንኳኳል፤ «እትዬ፣ ባለመስመሩን አውሱኝ»። እናቴ ስታውስ ውሃው እንዴት እንደሚታይ አብራ ታሳያለች፤ ደጃፉ ላይ ጎንበስ ብላ። ጠላም ሆነ ዘይት አይገባበትም፤ ለዚህ ብቻ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ክረምት ለእረፍት ስሄድ ያቺ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ይዛ እናታችን ቤት ነበረች። ሕፃኑ ሆዱን አሞታል፤ ከጤና ጣቢያ ፓኬትና የዚንክ ኪኒን ተሰጥቶታል። ውሃው ፈልቶ ቀዝቅዟል። ጆጉ ከመደርደሪያው ወረደ፤ ነጭነቱ ወደ ቢጫ ሄዷል፤ የምስማሩ ጠባሳ ጠቁሮ አሁንም ይታያል። እኔ ቀዳሁ። ቆሜ አየሁና መሰለኝ፤ አቆምኩ።

«ተው እንጂ» አለች እናቴ። ከተቀመጠችበት ተነሳች። ጉልበቷ ያማታል፤ ቢሆንም የጠረጴዛውን ጫፍ ይዛ ቀስ ብላ ዝቅ አለች፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሌላውን ከመስመሩ እኩል አደረገች።

«ትንሽ ይቀረዋል» አለችኝ። «ጠብ አድርግበት።»